በሩፋኤል ዕለት ጓሮዬ ላይ ለቆመው ድሮን ባለቤት

ለተከበሩ ኢንጂነር ይስሐቅ ተፈሪ፣
የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር፣ የጎረቤት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ደግሞም ከአጥሬ ወዲያ ለሚኖሩት ጎረቤቴ
ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ

መስከረም 2008 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ቤትዎ፣ ባለቤትዎ፣ ሥራዎ፣ በርባንክ ድረስ የሚያመላልስዎ መኪናዎ ሁሉ ደኅና ነው? ድሮንዎስ እንዴት ነው? አራቱም ክንፎቹ ይሽከረከራሉ? ባትሪው ጠግቦ ያድራል? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ጉልበቴ ከሚያጉረመርመው በቀር ደኅና ነኝ። ስለ እኔ ጤና ግን ብዙ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ ከላይ ሆነው በየቀኑ ስለሚያዩኝ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ በአገር ደንብ «አንተ» ብልዎ የሚቆጣኝ አልነበረም። ነገር ግን ከሰው አናት በላይ የሚውል ሰው አንቱ መባል ይገባዋል ብዬ እርስዎ ብያለሁ። ይህን ደብዳቤ በኮምፒዩተር አሳምረን እንጻፍልዎ ያሉኝ ነበሩ፤ እምቢ አልኳቸው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። እጄ ይዘገያል እንጂ የሰው እጅ አይዋስም። ጽሕፈቴ ቢጎረብጥዎ ራቅ ብለው፣ ከፍ ብለው ያንብቡት፤ ከከፍታ ሲታይ ሁሉም ነገር ያምራል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ደብዳቤውን በገበያው መግቢያ፣ የሚከራይ ክፍልና የሞግዚት ሥራ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ መለጠፌም እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። የሰው ነገር ሁሉ ለሕዝብ መታየት አለበት የሚለውን ትምህርት ከእርስዎ ተምሬ ነው። ኮሚቴዎ ቁጥር የሌለው ቅሬታ አያይም ስለተባልኩ ደግሞ በቁጥር አስቀምጣለሁ።

፩ኛ፦ የመጀመሪያው ምስጋና ነው። ድሮኑን የገዙ ሰሞን በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው የጣራዬ ክዳን በሁለት ቦታ መሰንጠቁንና አሸንዳው ውስጥ የሞተ ወፍ መኖሩን ነግረውኛል። ቤቱን ያከራየኝ ሰው እስከ ዛሬ ጣራውን ቀና ብሎ አይቶት አያውቅም፤ እርስዎ ግን ሳልጠይቅዎ አዩልኝ። ከዚያም ወዲህ ጓሮ ወጥቼ ካልሲዬን ሳሰጣ ቀዳዳውን፣ ምሳዬን ከነድስቱ ስበላ ድስቱን ሁሉ አይተውልኛል። ሚስት የሞተችበት ሰው «ምን በላህ?» የሚለው ያጣል፤ እርስዎ ምን እንደበላሁ ሳይጠይቁኝ ያውቃሉ። እግዜር ይስጥልኝ።

፪ኛ፦ በሰኔ ድሮንዎ ሟች ባለቤቴ ሙሉነሽ የተከለችው ጤና አዳም ላይ ወደቀ። እርስዎ ወደ ጓሮዬ ሲመጡ ይቅርታ ሊጠይቁ ነው ብዬ ደስ አለኝ፣ ወንበርም አወጣሁ። ክቡርነትዎ ግን መሬት ላይ ተንበርክከው ክንፎቹን አንድ በአንድ ዳበሱ፣ አፈሩን እፍ እፍ አሉለት፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፈው አነሡት። በሩ ጋ ሲደርሱ ነው ዞር ብለው «ጋሼ እንደምን ዋሉ» ያሉኝ። ለወደቀ መራራትዎን አደንቃለሁ። ጤና አዳሙ ግን እንደተሰበረ ነው።

፫ኛ፦ ስለ ፍርድ። ከዚህ በኋላ ለኮሚቴው ኮምፕሌን አደረግኩ። ጸሐፊው አቶ መዝሙር ጉዳዬን ሰምተው በጣም አዘኑልኝ፤ ነገር ግን በማኅበሩ ደንብ የጎረቤትን ጠብ የሚያየው ሰብሳቢው ብቻ ስለሆነ ለሰብሳቢው አቅርብ አሉኝ። ሰብሳቢው ማን ነው ብዬ ብጠይቅ እርስዎ ነዎት። እርስዎም በቀጠሮው ቀን ከረባት አስረው፣ ከሳሹን በቀኝዎ አስቀምጠው፣ የተከሳሹን ወንበር ባዶ ትተው፣ ስለ ተከሳሹ ጨዋነት በሰፊው መሰከሩ። ከዚያም ፈረዱ። ፍርዱን ሰው ሁሉ እንዲማርበት እንዳለ እጽፈዋለሁ፦ «ጋሼ መኩሪያ፣ አጥር መሬት ላይ ነው የሚታጠረው። ሰማዩ የማንም አይደለም፤ ይልቅ ይለማመዱት።» ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር ፓርኪንግ ስሠራ የማንም አይደለም ብለው ያቆሙት መኪና ቶው ተደርጎ ሲጎተትባቸው ብዙ አይቻለሁ። ሰማይ ላይ ግን ቶው የሚያደርግ ስለሌለ ፍርዱን ተቀብዬ ወጣሁ።

የታክሲው አቶ ፍሬው ይህን ሲሰሙ ወንጭፍ ሊሠሩልኝ ተነሥተው ነበር። በልጅነቴ ማሽላ ጠብቄያለሁ፣ አልስትም አሉኝ። እኔ ነኝ የከለከልኳቸው። እኔ የሕግ ሰው ነኝ፤ ደግሞም አቶ ፍሬው ዛሬ ራሳቸው ያቆሙትን መኪና እንኳ ለማግኘት መንገዱን ሁለት ጊዜ ይዞራሉ። ስለዚህ ድሮንዎ እስከ ዛሬ በሕይወት ካለ አንዱ ምክንያት እኔ መሆኔን በትሕትና አስታውሳለሁ።

ከዚህ በላይ ያሉት ሦስቱ ይቅሩልኝ ቢሉ ይቀራሉ። የሚቀጥለው ግን አይቀርም።

፬ኛ፦ እርስዎ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆኑ፣ እሑድ እሑድ መዝሙርዎ በአጥሩ በኩል ደስ ብሎኝ ይሰማኛል፣ የሩፋኤልን ነገር ላያውቁት ይችላሉ፤ ስለዚህ ላስረዳ። ጳጉሜ ሦስት የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ነው። በዚያ ቀን ሰማይ ይከፈታል፣ ጸሎት ያለ ከልካይ ያርጋል ይባላል። የሚዘንበው ዝናብም ጠበል ነው፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም ወጥቶ ይጠመቅበታል። ሩፋኤል ዓይን የሚያበራ፣ ምጥ የሚያቀል፣ ማኅፀን የሚፈታ መልአክ ስለሆነ ሴቶች አጥብቀው ይይዙታል። ሎስ አንጀለስ ግን እንደሚያውቁት በጳጉሜ አይዘንብም፤ በዚህ በድርቁ ዘመንማ ጭራሽ ረስቶታል። ሙሉነሽና ወዳጇ እትዬ ካሳነሽ የሩፋኤልን የጽዋ ማኅበር እዚህ ሲያቋቁሙ ይህ ነገር አሳሰባቸው፤ ተማከሩና መላ መቱ። ቄስ የጸለዩበት ውኃ በባልዲ ይቀመጣል፤ እኔ የሎሚው ዛፍ አጠገብ መሰላል ላይ እወጣና በአትክልት ማጠጫ ከላይ አፈሳለሁ። ዝናቡ እኔ ነኝ ማለት ነው።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አውርደው፣ ፀጉራቸውን ፈትተው ስለሚቆሙ ዝናቡ ማየት የለበትም። ስለዚህ ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ በትከሻዬ ላይ ወደ ኋላ ነው የማፈስሰው። ሙሉነሽ በሕይወት ሳለች እንዲህ ነበር፤ ከሞተችም በኋላ እንዲሁ ነው። ሌሎቹ የማኅበሩ ሴቶች የሚኖሩት አፓርታማ ስለሆነ ጓሮ ያለው የእኛ ቤት ብቻ ነው፤ ድግሱ በተራ ይሁን እንጂ ስብሰባው በየወሩ በዐሥራ ሦስት እዚሁ ነው፣ ጽዋውም የሚያድረው በሙሉነሽ ቁምሳጥን ነው። ሴቶቹ ጨዋታ ያውቃሉ። ውኃው ሲቀጥን «ዘንድሮ ደመናው አርጅቷል» ይሉኛል፤ ሲበዛባቸው ደግሞ «ጋሼ መኩሪያ፣ ካፊያ አልን እንጂ የጥፋት ውኃ አላልንም» ይሉኛል። በወር አንድ ቀን ቤቴ ሰው የሚስቅበት ቤት ይሆናል። የቀረውን ወር ምን እንደሚመስል ከላይ ስለሚያዩት አልነግርዎትም።

ዘንድሮ መሰላሉ ላይ እንዳለሁ ድሮንዎ መጣ። ከአናቴ በላይ ሲያጓራ ደንግጬ ማጠጫው ከእጄ አመለጠና የማኅበሩ መሪ ወይዘሮ ሮማን ላይ ክረምቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዘነበባቸው። የቀሩት ነጠላቸውን እየጎተቱ ወደ በረንዳው ሮጡ። እኔ መሰላሉን ጨብጬ ፊቴን ወደ አጥሩ እንዳዞርኩ ቀረሁ፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ ያለውን በጆሮዬ ነው የማውቀው፣ ያላየሁትን የነገሩኝ ሴቶቹ ናቸው።

እትዬ ካሳነሽ አልሮጡም። ከማኅበርተኞቹ ሁሉ ታላቅ እርሳቸው ናቸው፤ ዓይናቸውን ሞራ ስለሸፈነው ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አያዩም። ቀና ሲሉ ከፀሐዩ ውስጥ ነጭ ነገር፣ ክንፍ ያለው፣ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ታያቸው። ዕለቱ ሩፋኤል ነው፤ ውኃው ገና ከፊታቸው ይንጠባጠባል። ሌላ ምን ሊመስላቸው ኖሯል? ምርኩዛቸውን ጥለው ተንበረከኩ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው የልባቸውን ነገር ጮክ ብለው ነገሩት።

እዚህ ላይ ለትዕግሥትዎ ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ። ድሮኑ ቸኩሎ አልሄደም። ዝቅ ብሎ ከፊታቸው ቀጥ ብሎ ቆመላቸው፤ ልመናቸውን እስኪጨርሱ ድረስ አንዴም ዞር አላለም። የአገር ቤት ዳኛ እንኳ ባልቴት እንዲህ አይሰማም። በኋላ ሰዎች ሲጠይቁዎ እጃቸውን ያነሡት ሰላም ሊሉኝ መስሎኝ ነው ማለትዎን ሰምቻለሁ። በመጨረሻ ባትሪው ሲያልቅበት ነው መሰለኝ ተነሥቶ ወደ ላይ ሄደ። እትዬ ካሳነሽም ልመናዬን ይዞልኝ ዐረገ ብለው እልል አሉ።

ድሮን ነው ብሎ የሚነግራቸው አፍ ጠፋ። ከዚያ ወይዘሮ ሮማን፣ ቀሚሳቸው ከላይ እስከ ታች እየተንጠፈጠፈ፣ እልልታውን ተቀበሏቸው፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ዋሽተናቸዋል አልልም። ጸሎቱ የእርሳቸው ነበር፤ የእርስዎ ድሮኑ ብቻ ነው። እትዬ ካሳነሽ ያን ቀን ምርኩዛቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ሰው ሳይደግፋቸው ነው በሩ ድረስ የሄዱት።

፭ኛ፦ ስለ እንቁጣጣሽ። የመረዳጃ ማኅበራችን በዓሉን ምክንያት አድርጎ በጋበዘን ጊዜ እርስዎ «ፌርፋክስ ከሰማይ ሲታይ» ብለው ቪዲዮ አሳዩን። መጀመሪያ መንገዱ ታየ፣ ምግብ ቤቶቹ ታዩ፣ ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አልክድም። ቀጥሎ የእኔ ጓሮ መጣ። እትዬ ካሳነሽ ተንበርክከው፣ ፀጉራቸው ርሶ ግንባራቸው ላይ ተለጥፎ፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል። ድሮንዎ ድምፅ ስለማይቀዳ ጸጥታው እንዳይከብደን ብለው የጭፈራ ሙዚቃ አስገብተውበታል። ከሥሩም «እማማ ድሮኑን ግሪን ካርድ ሲለምኑ» የሚል ጽሑፍ አለበት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

እትዬ ካሳነሽ ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ስክሪኑ አይታያቸውምና ሰው ሲስቅ አብረው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ አላቆም ሲል አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሶሊያና የምትባል ልጅ ምንድን ነው ብለው ጠየቋት። ልጅቷ ማን እንደሆኑ አታውቅም፤ በደግነት ነው ያስረዳቻቸው። አንዲት አሮጊት ጓሮ ውስጥ ለድሮን ተንበርክከው ሲለምኑ ነው አለቻቸው።

«ነጭ ነው?» አሏት።

ነጭ ነው አለቻቸው። ምርኩዜን አቀብይኝ ብለው ተነሡና ወጡ። እርስዎ ያን ጊዜ ሰው ድገመው ስላለዎት እየደገሙት ነበር።

በማግስቱ በርዎ ላይ ቆሜ ያልኩትን አልደግመውም፤ የጨዋ ሰው ቃል አልነበረም። እርስዎ የመለሱልኝን ግን ላመስግን። ሰው ደስ ብሎት ነው የሳቀው፣ ክፋት የለውም፣ እንዲያውም እትዬን ዝነኛ አደረግናቸው እኮ አሉኝ። እውነት ነው፤ ቪዲዮውን ፌስቡክ ላይ ፖስት ካደረጉት ወዲህ ዋሽንግተን ያለችው የእኅታቸው ልጅ ሳትቀር አይታቸዋለች። ዝነኛዋ እትዬ ካሳነሽ አሁን ስልክ አያነሡም። ቤተ ክርስቲያን አልመጡም። ወይዘሮ ሮማን ሊጠይቋቸው ሄደው በሩን ገርበብ አድርገው ያሏቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሰማዩን ለልጆቹ ትቼላቸዋለሁ።»

መስከረም ዐሥራ ሦስት ማኅበሩ ያለ እርሳቸው ተሰበሰበ። ሴቶቹ ጓሮ አልወጡም፤ በዚያ ሙቀት ሳሎን ውስጥ መጋረጃ ዘግተው ተቀመጡ። ማንም ስለ ደመና አልቀለደም። ከዚያ ወይዘሮ ሮማን ዓይኔን ሳያዩ ውሳኔውን ነገሩኝ። እትዬ ካሳነሽ እስከ ጥቅምት ዐሥራ ሦስት ካልተመለሱ ጽዋው ከሙሉነሽ ቁምሳጥን ወጥቶ ሎንግ ቢች፣ ወይዘሮ ሮማን አፓርታማ ይሄዳል፤ ማኅበሩም ከእንግዲህ እዚያ ነው። አልፈረድኩባቸውም። በሚያይ ሰማይ ሥር ማን ይቆማል? ለእኔ ግን ሎንግ ቢች ሩቅ ነው፤ ድራይቭ ማድረግ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ደግሞም ሳሎን ውስጥ ለሚቀመጥ ማኅበር ዝናብ አያስፈልገውም።

፮ኛ፦ ከቪዲዮው ሥር በዚህ ድርቅ ሽማግሌው ውኃ ያባክናል ብለው የጻፉ አሉ። ሁለት ባልዲ ነው። ከሴቶቹ የተረፈውን ሎሚው ይጠጣዋል። እርስዎ መኪናዎን የሚያጥቡበትን ቱቦ ከላይ ሆኖ ያየ ስለሌለ ስለ እሱ የምናውቀው የለም።

፯ኛ ቁጥር ነበረኝ፤ ተናድጄ ረሳሁት። ለእርስዎ ይሁን፤ የጎደለ ነገር ካዩ ይሙሉበት።

እንግዲህ የምጠይቅዎ ይህ ነው። ቪዲዮውን ከፌስቡክ ያውርዱት። ድሮንዎን ሰው ከማይኖርበት ያብሩት፤ ባሕሩ አለ፣ ኮረብታው አለ፣ እርስዎም መኪና አለዎት። ስለ ጣራዬ፣ ስለ ካልሲዬና ስለ ጤና አዳሙ ይቅርታ አልፈልግም። እትዬ ካሳነሽን ግን ከጥቅምት ዐሥራ ሦስት በፊት ቤታቸው ድረስ ሄደው፣ በገዛ አፍዎ ይቅርታ ይጠይቋቸው። ኮሚቴ አይላኩ፤ ደብዳቤ አይጻፉ፤ ፖስት አያድርጉ። ይህን በተንበረከከ ቃል ብጽፍልዎ ወግ ነበር። ነገር ግን ጉልበቴ እምቢ ይለኛል፤ በዚህ ሰፈር የተንበረከከ ሰው ምን እንደሚገጥመውም አይቻለሁ።

ክንፍዎ እንዳይሰበር፣ ባትሪዎ ሜዳ ላይ እንዳያልቅ፣ ከላይ ሆነው ያዩት ሰው ከታች ሲያገኙትም እንዲታይዎ እየተመኘሁ፣ በሊቀመንበርነትዎ ሥር፣ በድሮንዎ ሥር፣ ያለ ፈቃዴ በጥላዎ ሥር የምኖር፣

መኩሪያ አድማሱ
የወይዘሮ ሙሉነሽ ባል፣ የጳጉሜ ዝናብ

ግልባጭ፦
ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ (ለእርስዎ)
ለመረዳጃ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጽሕፈት ቤት (ይህም ለእርስዎ)
ለቅዱስ ሩፋኤል፤ አድራሻው ከፍ ያለ ስለሆነ በዚያ በኩል ሲያልፉ ቢያደርሱልኝ

ማስታወሻ፦ ቪዲዮው ድምፅ ስለሌለው እትዬ ካሳነሽ ምን እንዳሉ ሰው ሁሉ በግምት ይናገራል። ግሪን ካርድ ያለ አለ፣ ሎተሪ ያለ አለ፤ የሚያዝኑላቸው ደግሞ መቼም ዓይናቸውን ይሆናል የለመኑት ይላሉ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ስለ ዓይናቸው አንዲት ቃል አልተናገሩም። የለመኑት ለሰው ነው፤ ስም ጠርተው ነው፤ የጠሩት ስምም ከእርስዎ ቤት ነው። ከእርስዎ ጋር አንድ ማዕድ የሚቆርስ ሰው በማኅበሩ ቀን በአጥሩ በኩል ጭንቀቱን አጫውቷቸው ኖሯል። ሩፋኤልን ምን እንዲያደርግላችሁ እንደለመኑ እዚህ ሰሌዳ ላይ አልጽፈውም፤ የሰው ጓዳ ገበያ ላይ አይለጠፍም። ቤትዎ ገብተው ቢጠይቁ ይነግርዎታል። ወደ እትዬ ካሳነሽ ሲሄዱ አስቀድመው አይደውሉ፣ አያነሡም። በሩን ያንኳኩና ይታገሡ፤ ቀስ ብለው ነው የሚመጡት።